ሞተሩ ይሰማል፣ ክንዱ ግን አይሄድም

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። የጠያቂያችን መኪና ዋይፐር ለሳምንታት እየተንቀረፈፈ ሲጠርግ ቆይቷል። ሰሞኑን ደግሞ ዶፍ ዝናብ ላይ እያሉ በሹፌሩ በኩል ያለው ክንድ ነቅነቅ ብሎ ቀረ። በተሳፋሪው በኩል ያለው ግን አሁንም ይጠርጋል። ሲያጠፉት የተሳፋሪው ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ የሹፌሩ መስታወቱ መሃል ላይ ተገትሮ ይቀራል። የዋይፐሩ ሞተር ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ያየላቸው መካኒክ «ሞተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አላቸው። «አዲስ ሞተር ልግዛ ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?» ብለው ጠይቀዋል።

አለ። ሞተሩን አይግዙ። ቢያንስ ገና አይግዙ።

መኪናዎን አላየሁም። ግን የጻፉት ነገር ራሱ ብዙ ይናገራል። የተሳፋሪው ክንድ ምስክርዎ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ሁለቱን ክንዶች የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሞተር ነው። ሞተሩ ቢሞት ሁለቱም ይቆሙ ነበር። ፊውዙ ቢቃጠል ሁለቱም ይቆሙ ነበር። ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ትንሽ ሳጥን) ወይም መሪው ስር ያለው ማብሪያ ቢበላሽም እንደዚያው። አንድ ሞተር ለአንዱ ክንድ ሕያው፣ ለሌላው ሙት ሊሆን አይችልም። ደግሞ ሲያጠፉት የተሳፋሪው ወደ ቦታው ይመለሳል ብለዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋይፐር ሲጠፋ እዚያው አይቆምም። ሞተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ መገናኛ ክንዶቹ ማረፊያቸው እስኪደርሱ ድረስ ኤሌክትሪክ መስጠቷን ትቀጥላለች፤ ሲደርሱ ትቆርጠዋለች። የተሳፋሪው ክንድ በትክክል ካረፈ ያቺም መገናኛ ደህና ናት ማለት ነው። ስለዚህ ከባትሪው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ያለው መስመር በሙሉ ነጻ ወጥቷል። ችግሩ ያለው ከሞተሩ በኋላ፣ በሞተሩና በሹፌሩ ክንድ መካከል ነው።

እዚያ መካከል ያሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ክንዱ፣ ክንዱ የተቀመጠበት ዘንግ፣ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብረቶች። በቃ።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር አደራ። ከመስታወቱ ግርጌ ያለውን ሽፋን ከፍተው እጅዎን ሲያስገቡ ቁልፉ ወጥቶ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። የዋይፐር ሞተር ትንሽ ቢመስልም ጉልበቱ ከባድ ነው፤ ጣት ብረቶቹ መካከል ከተገኘ አይምርም። በተለይ ዝናብ ሲሰማው በራሱ የሚነሳ ዋይፐር ያለው መኪና ከሆነ፣ ቁልፉ ተከፍቶ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ መንካት ብቻ ሊያስነሳው ይችላል። ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሱም መስታወቱ ላይ ወፍራም ፎጣ ያንጥፉ። ክንዱን ወደ መስታወቱ የሚጫን ሞላ አለ፤ ከእጅ ካመለጠ ክንዱ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

አሁን የመጀመሪያው ፈተና። ቁልፉ ወጥቶ እያለ የተሳፋሪውን ክንድ በእጅዎ ወደ ጎን በስሱ ይግፉት። ትንሽ ይላወሳል እንጂ አይሄድም። ሞተሩ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ስለሚይዘው ነው። ከዚያ የሹፌሩን እንዲሁ ይግፉት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከወዲያ ወዲህ የሚሄድልዎ ከሆነ ከሞተሩ ጋር ተለያይቷል። የቀረው ጥያቄ የት ጋ ተለያየ የሚለው ነው።

እሱን ለማወቅ ዓይን ይበቃል። የክንዱ ሥር ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይገልጡና ዳዶውን ያግኙት። በዳዶው ላይና በክንዱ ሥር ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቾክ ወይም በማርከር ይስመሩ። መስታወቱን ውሃ ይርጩበት። አሁን ሌላ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ዋይፐሩን በዝግታው ፍጥነት ይክፈትልዎ፤ እርስዎ እጅዎን ሰብስበው ይመልከቱ። ዳዶው እየተሽከረከረ ወዲያና ወዲህ እያለ ክንዱ ከቆመ፣ ማለትም መስመሩ ከተላቀቀ፣ ክንዱ ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ዳዶውም ክንዱም አብረው ከቆሙ ችግሩ ከስር፣ ብረቶቹ ጋ ነው።

እርስዎ «ነቅነቅ ብሎ ይቀራል» ስላሉ የመጀመሪያውን እጠረጥራለሁ። የተነቀለ ብረት ክንዱን ጭራሽ አያነቀንቀውም። ነቅነቅ የሚያደርገው ለመያዝ እየሞከረ የሚያመልጠው ጥርስ ነው።

ዘንጉን ቀርበው ካዩት አናቱ ላይ ዙሪያውን ደቃቅ ጥርሶች አሉት። ክንዱ ሥሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ እነዚያን ጥርሶች ነክሶ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ክንዱ ከዘንጉ ለስላሳ በሆነ ብረት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዳዶው ሲላላ ቀድሞ የሚፋቀው የክንዱ ጥርስ ነው። ክንዱን አውጥተው ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ይዩት። ደህና ከሆነ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርት ብሎ ይታያል። ከተፋቀ ግን ውስጡ እንደ ቀለበት ልሙጥና አብረቅራቂ ይሆናል፤ ጣትዎን ሲያስገቡም ጥቁር የብረት ዱቄት ይዞ ይወጣል። ጥርሱ ገና ደህና ከሆነና ዳዶው ብቻ ላልቶ ከነበረ ዕድለኛ ነዎት። ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ ክንዱን በትክክለኛ ቦታው መልሰው፣ ዳዶውን ማጥበቅ ነው። ከተፋቀ ክንዱ ይቀየራል። ቆርቆሮ መወተፍ፣ ማጣበቂያ ማፍሰስ፣ በመዶሻ ቀዳዳውን ማጥበብ ሲደረግ አይቻለሁ። ሁሉም የሚፈቱት ዝናቡ ሲበረታ ነው፤ ያኔ ደግሞ መንገድ ላይ ነዎት።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር አዲስ ሞተር ከነካርቶኑ ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ «ሞተር ገዝተህ ና» ተብለው ነው። ክዳኗን ገልጬ ዳዶውን ነካሁት። መፍቻ እንኳ አላስፈለገኝም፣ በሁለት ጣት ዞረ። የክንዱ ጥርስ ገና አልተፋቀም ነበር። አጥብቀን ሞከርነው፣ ሠራ። ካርቶኑ ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው «ዋይፐሬ» ሲለኝ ቀድሜ የምነካው ዳዶውን ነው።

ክንዱን ለማውጣት ሲታገሉ አይቸኩሉ። ዓመታት የቆየ ክንድ ዘንጉ ላይ በዝገት ይጣበቃል። ዳዶውን ጥቂት ዙር ብቻ ያላሉት፣ ሙሉ በሙሉ አያውጡት። ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ረጭተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ክንዱን ከመስታወቱ አንስተው ሥሩን ይዘው ወዲህና ወዲያ ወዝወዝ ያድርጉት። እምቢ ካለ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ መንቀያ አለ። ካቻቪቴ ከስር አስገብቶ መፈንቀል ግን መስታወቱን ወይም የቦዲውን ቀለም ያስከፍላል።

ዳዶው ካልዞረ፣ ማለትም ዘንጉ ራሱ ከቆመ፣ ኮፈኑን ከፍተው ከመስታወቱ ግርጌ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ያንሱ። የሽፋኑ ማያያዣዎች ፀሐይ ያደረቃቸው ናቸው፤ በቀስታ ካልተነሱ ይሰበራሉ። ከስሩ ሞተሩንና ከሱ የሚነሱትን ረጃጅም ብረቶች ያያሉ። የብረቶቹ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ጎድጓዳ አለ፤ ያ ጎድጓዳ ትንሽ የብረት ኳስ ይጎርሳል። ያ ነው መገጣጠሚያቸው። ፕላስቲኩ ሲያረጅ አፉ ይሰፋና ኳሱን ይተፋዋል። የተነቀለው ብረት ወድቆ ያገኙታል፤ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ግሪስ እንደ ሻማ ደርቆ፣ ግማሹ ፕላስቲክ ተበልቶ። በፒንሳ ተጭነው ቢመልሱት ጥርቅ ብሎ ይገባል። ከዚያ በእጅዎ ይሳቡት። በቀላሉ ተመልሶ ከወጣ የፕላስቲኩን ጎድጓዳ ለብቻው፣ ለብቻው ካልተገኘ ብረቶቹን በሙሉ መቀየር ነው። ብረቶቹ ከነዘንጎቻቸው አንድ ላይ ይሸጣሉ። አንዳንዶች በሽቦ አስረው ይሄዳሉ። ቤት እስኪገቡ ድረስ ይሁን፤ ከዚያ በላይ አይታመንም።

እስካሁን ያልኩት የት እንደተሰበረ ነው። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለምን ተሰበረ የሚለው ነው። ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ «ለሳምንታት እየተንቀረፈፈ» የሚለው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያልፈዋል። ለኔ ግን ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ መብት ያስመዘገበችበት መጥረጊያ ሹፌሩ ከውስጥ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ነበር። እጀታ፣ ክንድ፣ ሞላና ጎማ። በእጅ ሲሠራ የሆነ ነገር ከጠበቀ እጅ ወዲያው ያውቃል። ሞተር ግን አፍ የለውም። ከብዶኛል የሚለው በመንቀርፈፍ ብቻ ነው። ለሳምንታት ሲነግርዎት ነበር።

ታዲያ ምን ከበደው? የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዘንጉ የሚዞርበት ቱቦ ነው። የቱቦው አፍ ወደ ሰማይ ነው። ዝናብና አቧራ ዓመቱን ሙሉ ይወርድበታል። ግሪሱ ታጥቦ ያልቃል፣ ዘንጉ ይዝጋል፣ ቀስ በቀስ ይጨብጠዋል። ሞተሩ በግድ ይገፋል። ያ ግፊት የሚያርፈው ደካማው ቦታ ላይ ነው፤ ወይ የክንዱ ጥርስ ላይ፣ ወይ የፕላስቲኩ ጎድጓዳ ላይ። ክንዱን ብቻ ቀይረው ዘንጉን ሳያዩ ከሄዱ አዲሱም ክንድ ጊዜ አይወስድበትም።

ስለዚህ ብረቱን ከዘንጉ ነቅለው ዘንጉን ብቻውን በጣትዎ ያዙሩት። እንደልብ መዞር አለበት። ፒንሳ ካስፈለገ ታማሚው ተገኘ። በብዙ መኪኖች ላይ ዘንጉ አናቱ አካባቢ ባለች ቀጭን ቀለበትና ዋሸር ተይዞ ይቀመጣል። ቀለበቷን ያወጣሉ፣ ዘይት ይረጫሉ፣ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ወደ ታች ይስቡታል። ሲወጣ ላዩ ቡኒ ቅርፊት ለብሶ ነው። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ቱቦውንም በጨርቅ ጠርገው፣ በግሪስ ቀብተው ይመልሱት። ሲጨርሱ በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት መዞር አለበት። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። የሚወስደው ትንሽ ግሪስና ትዕግሥት ነው፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል። ቀለበት የሌለው፣ ተዘግቶ የተሠራ ዓይነት ከሆነ ግን ዘይት መርጨት ለጥቂት ሳምንት ያላላዋል እንጂ አያድነውም። ያኔ ብረቶቹ ከነዘንጎቻቸው ይቀየሩ።

እግረ መንገድዎን ከሽፋኑ ስር፣ ሞተሩና ብረቶቹ ያሉበትን ቦታ የውሃ መውረጃ ይዩት። ቅጠልና አፈር ከደፈነው ውሃው እዚያው ይተኛል። ዘንጉን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም የሚያበሰብሰው ይሄ የተኛ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጎማው ነው። የደረቀ ጎማ መስታወቱን አይጠርግም፣ ይጎትተዋል። በተለይ ደረቅ መስታወት ላይ አቧራ ለመጥረግ ዋይፐር መክፈት ለጎማውም ለብረቱም ለሞተሩም ክፉ ልማድ ነው። መጀመሪያ ውሃ ይርጩ። ጎማውን በጣትዎ ጠፍ አድርገው ጠርዙን ይዩት። ተሰነጣጥቆ ወይም ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ከደነደነ ይቀይሩት። ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ላይ በዓመት አንዴ መቀየሩ ብዙ አይደለም። አዲስ ጎማ ገብቶም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ጸጥ ብሎ በመልሱ ጋጋጋ ካለ ጎማውን አይውቀሱ። ክንዱ ተጣሟል። ጎማው መስታወቱ መሃል ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ እንዲያ ሲሆን ነው በየመመለሻው ወደሚጎተትበት የሚተኛው። ክንዱ ከተጣመመ በአንድ ወገን ይጎተታል፣ በሌላው ይገፋል። የሚንቀጠቀጠው ሲገፋ ነው። ቅባት የያዘ መስታወትም ያንኑ ድምፅ ያመጣል፤ መስታወቱን በሳሙና ጥሩ አድርገው ያጥቡትና ይለዩት።

ሁሉም ተስተካክሎ ክንዱን ሲመልሱ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ክንዱ ሳይገባ ዋይፐሩን ከፍተው ያጥፉት። ዘንጉ ወደ ማረፊያው ሄዶ ይቆማል። ቁልፉን ያውጡ። ከዚያ ክንዱን በማረፊያ ቦታው ላይ አድርገው ያስገቡት። ትክክለኛው ቦታ ከጠፋብዎ መስታወቱን በሰያፍ ብርሃን ይዩት፤ ጎማው ለዓመታት ያረፈበት መስመር ብዙ ጊዜ ይታያል። ዳዶውን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ግን የመፍቻውን ርዝመት ጨምረው አይታገሉት፣ ጥርሱን ይጎዳል። መስታወቱን አርጥበው በዝግታው ይሞክሩ፣ ከዚያ በፈጣኑ። በፈጣኑ ሲሄድ ክንዱ የመስታወቱን ጠርዝ እንዳይመታ ይዩ። ከሳምንት በኋላ ክዳኗን ገልጠው ዳዶውን አንዴ ደግመው ይንኩት።

ይህን የሚያነቡ፣ ችግራቸው ግን ሌላ የሆነ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ስለ እነሱም ጥቂት ልበል።

ሁለቱም ክንዶች ከቆሙና ሞተሩም ጭራሽ ካልተሰማ መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ይተኩት። እንደገና ከተቃጠለ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው አያስገቡ፤ ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ፊውዝ ደጋግሞ የሚበላ ዋይፐር ብዙውን ጊዜ የተጨበጠ ዘንግ ወይም የተላጠ ሽቦ አለው። ፊውዙ ደህና ከሆነ የሞተሩ ሶኬት ላይ በቴስተር ይለኩ። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ዋይፐሩ ዝግታው ላይ ሆኖ ወደ 12 ቮልት ከደረሰ (የጭነት መኪና ከሆነ 24) ኤሌክትሪኩ እስከዚያ መጥቷል። ካልደረሰ ወደ ኋላ፣ ወደ ሪሌውና ወደ ማብሪያው ይሂዱ። ኤሌክትሪኩ ደርሶም ሞተሩ ዝም ካለ የማሳውን ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን፣ ሳያዩ አይፍረዱበት። ዋይፐሩ ተከፍቶ እያለ በሞተሩ ገላና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ይለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው በደንብ አልያዘም። ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱን መፋቅ ስንቱን «የሞተ» ሞተር አስነስቷል።

በዝግታው እምቢ ብሎ በፈጣኑ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ያሉት፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች ይጠረጠራሉ። ብዙ ሞተሮች 3 ካርቦን አላቸው፤ አንዱ የጋራ፣ አንዱ ለዝግታ፣ አንዱ ለፍጥነት። ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ዝግታውን ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀውም የእሱ ነው። ግን እዚህም መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ ለክተው ማብሪያው ዝግታውን መስጠቱን ያረጋግጡ። እያረፈ የሚጠርገው ብቻ ከጠፋና ሌላው ሁሉ ከሠራ ነገሩ ሪሌው ወይም ማብሪያው ጋ ነው። ሁለቱም ክንዶች ሲያጠፏቸው ባሉበት የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ ያቺ ወደ ማረፊያ የምትመልሰው መገናኛ ወይም የእሷ መስመር ነው። ትንሽ ሠርቶ የሚቆም፣ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ የሚነሳ ሞተር እየጋለ ነው። ብዙዎቹ ሲግሉ ራሳቸውን የሚያቋርጡበት መከላከያ አላቸው። ያንን ሞተር ከመቀየርዎ በፊት ብረቶቹን ከሞተሩ ነቅለው ብቻውን ያስሩጡት። ብቻውን ሳይቆም ከሠራ ጥፋቱ የዘንጎቹ ነው።

ኤሌክትሪክ ደርሶት፣ ማሳው ጸድቶ፣ ብረቶቹ ተነቅለውለት፣ አሁንም ዝም ያለ ወይም እየጮኸ ክርኑን (ብረቶቹን የሚገፋውን አጭር ብረት) የማያዞር ሞተር ካለዎት ያኔ ሞተር ይገዛል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የሶኬቱን እግሮች ብዛት፣ የብሎኖቹን ቦታ፣ የመውጫውን ዘንግ ውፍረት አንድ በአንድ ያስተያዩ። አዲሱን ከብረቶቹ ጋር ከማሰርዎ በፊት ሶኬቱን ብቻ ሰክተው ከፍተው ያጥፉት፤ ማረፊያው ላይ ሄዶ ይቁም። ክርኑን የሚያስሩት ከዚያ በኋላ ነው።